«ኖ» አልኩት፤ እሱ ግን ትራንኩን ከፈተው

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ግሪን ካርድ ካገኘሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ባለፈው ወር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። ፍሬቻ ሳታሳይ መስመር ቀየርክ አለኝ። ቲኬቱን ሰጥቶኝ ሲያበቃ ‹ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሉክ ኢን ዘ ትራንክ?› አለኝ። ‹ኖ› አልኩት። እሱ ግን ትራንኩን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፈተው። ምንም አላገኘም፤ ግማሽ ሰዓት ግን አቆመኝ። ጓደኞቼ ‹ዜጋ ስላልሆንክ ሕገ መንግሥቱ አንተን አይመለከትም› ይሉኛል። በዚያው ሰሞን ቀን የምሠራበት ቦታ አዲስ የመጣ አለቃ ‹አክሰንትህ ለደንበኛ አይገባም› ብሎ ከካሸር መስኮት አንስቶ መኪና ወደማቆም ምድር ቤት አወረደኝ። ደሞዜ አልተነካም። ቲፑ ግን ቀረ፣ እሑድም መግባት ጀመርኩ። ይሄስ የመናገር ነፃነቴን መንካት አይደለም? ሁለቱንም መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው አንድ ላይ የመጡብዎት። የፖሊሱ ሌላ ነው፣ የአለቃዎ ሌላ። ከሁለቱ በፊት ግን ጓደኞችዎ ያሉትን ላንሳ። እሱን ካመኑ ቀሪውን ባያነቡትም ይቀላልና።

«ሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ነው» የሚለው ወሬ ስህተት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በየመስጊዱ ደጅ፣ በየቡናው ዙሪያ እሰማዋለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ወሬ ምክንያት ያለውን መብት ሳይጠይቅ ቀርቷል። ጽሑፉን ከፍቶ ማየት ይበቃል። አምስተኛው ማሻሻያ (ማሻሻያ የሚባሉት ሕገ መንግሥቱ ላይ በኋላ የተጨመሩት አንቀጾች ናቸው) «ማንም ሰው» ነው የሚለው። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ክፍለ ግዛቶች የማንንም ሰው ሕይወት፣ ነፃነት ወይም ንብረት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት እንዳይወስዱ ይከለክላል። በግዛታቸው ላለ ለማንም ሰው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳይነፍጉም ያዛል። ጸሐፊዎቹ «ዜጋ» የሚለው ቃል ጠፍቷቸው አይደለም። የመምረጥ መብትን በሚመለከቱት ማሻሻያዎች ላይ «የአሜሪካ ዜጎች» ብለው ጽፈዋል። ሌላ ቦታ «ሰው» ያሉት ሰው ለማለት ነው።

ይሄ የኔ አተረጓጎም ብቻ እንዳይመስልዎት። በ1880ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 320 ገደማ ላውንደሪዎች ነበሩ። 240 ያህሉ የቻይናውያን ናቸው። ከ320ው 310 የሚሆነው የተሠራው ከእንጨት ነው። ከተማው አንድ ደንብ አወጣ። በእንጨት ቤት ላውንደሪ የሚሠራ ሁሉ ከከተማው ምክር ቤት ፈቃድ ያውጣ አለ። ደንቡ ውስጥ «ቻይናዊ» የሚል ቃል የለም። ይክ ዎ በሚል ስም መዝገብ ላይ የሰፈረው ሰው በአንድ ቤት 22 ዓመት ልብስ ሲያጥብ የኖረ ነው። የእሳት አደጋና የጤና ቁጥጥር ያለፈበት ወረቀት በእጁ አለ። ፈቃድ ሲጠይቅ ተከለከለ። ከ200 በላይ ቻይናውያን ጠየቁ፣ ሁሉም ተከለከሉ። ቻይናዊ ያልሆኑ 80 ገደማ ሰዎች ጠየቁ፣ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተፈቀደላቸው። ይክ ዎ አልዘጋም ብሎ ታሰረ። ዜጋ አልነበረም። ልሁን ቢልም በዚያን ጊዜ ሕጉ ለቻይናዊ አይፈቅድም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1886 በሙሉ ድምፅ ፈረደለት። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ ለዜጎች ብቻ የተወሰነ አይደለም አለ። ያ ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እኔም ፍርድ ቤት ስቆም ጠቅሼዋለሁ።

አሁን ወደዚያ ሌሊት እንሂድ።

መንግሥት ያለ አግባብ እንዳይፈትሽዎ፣ እንዳይዝዎ የሚከለክለው አራተኛው ማሻሻያ ነው። እዚህ ላይ ቃሉ «ሕዝቡ» ነው። በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ቃል ከአገሪቱ ጋር በቂ ትስስር ያላቸውን ሰዎች እንደሚያቅፍ ተናግሯል። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ግብር የከፈለ ባለ ግሪን ካርድ ይገባበታል።

ፖሊሱ በማስቆሙ ላይ ብዙ አልከራከርልዎትም። ፍሬቻ አለማሳየት ጥፋት ነው። ፖሊሱ በልቡ ሌላ ነገር ቢያስብ እንኳ እውነተኛ የትራፊክ ጥፋት ካየ ማስቆም ይችላል፤ ይህ በ1996 ተፈርዷል። መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ እኛ ሊብሬ ብለን የለመድነውን ሬጅስትሬሽን ማሳየት ግዴታ ነው። «ውረድ» ካለዎትም ይወርዳሉ። ይሄም ከ1977 ጀምሮ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ትራንኩ ግን ሌላ ነው። ያለ እርስዎ ፈቃድ ለመክፈት ፖሊሱ በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። መኪናው ውስጥ የወንጀል ነገር አለ የሚያሰኝ፣ የሚታይ ወይም የሚጨበጥ ነገር። ፍሬቻ አለማሳየት ይሄን አያሰኝም። እንግዲህ ሁሉም ነገር በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። በ«ኖ»ዎ ላይ።

ጥያቄውን ደግመው ያንብቡት። «ዱ ዩ ማይንድ» ነው ያለዎት። በእኛ ቋንቋ «ባየው ቅር ይልዎታል?» እንደማለት ነው። ለዚህ «አይ» ብሎ መመለስ ምን ማለት ነው? «አይ፣ ቅር አይለኝም፣ እየው» ነው። እርስዎ «አይሆንም» ሊሉ አሰቡ። እሱ «ይሁን» ብለው ሰማ። ብዙ ዳኞችም እንደሱ ነው የሚሰሙት። መለኪያው እርስዎ በልብዎ ያሰቡት አይደለም። በእሱ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ከቃልዎ ምን ይረዳ ነበር ነው የሚባለው።

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ደጋግሜ ስላየሁት ነው የሚያሳዝነኝ። «እሺ» የምትለዋ ቃላችንም እንዲሁ ታስጠቃናለች። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲናገር አንገት ዝቅ አድርጎ «እሺ» ማለት ጨዋነት ነው። «ሰምቻለሁ» ማለትም ነው። ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር «ኦኬ» ይሆናል። «ኦኬ» ደግሞ በፖሊስ ሪፖርት ላይ «ፈቅዷል» ተብሎ ይጻፋል። አንገት መነቅነቅም እንደ ፈቃድ ተቆጥሮ ያውቃል።

የዚህ ሁሉ ሥር በ1973 የተፈረደ አንድ ጉዳይ ነው። የተፈጸመው ካሊፎርኒያ፣ ሰኒቬል በምትባል ከተማ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ገደማ ፖሊስ አንድ መኪና አስቆመ። አንዱ የፊት መብራትና የሰሌዳው መብራት አይበራም። ውስጡ ስድስት ሰዎች አሉ። ፖሊሱ መኪናውን ልፈትሽ? ሲል ጆ አልካላ የሚባለው ተሳፋሪ «እንዴታ፣ ፈትሽ» አለው። ትራንኩንም ራሱ ከፈተለት። ከኋላ ወንበር ሥር ከመኪና እጥበት ቤት የተሰረቁ ሦስት ቼኮች ተጨማደው ተገኙ። ጥያቄው አልካላ እምቢ ማለት እንደሚችል ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ፈቃድ ነው ወይ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በአብላጫ ድምፅ፣ ፈቃዱ በማስገደድ እስካልተገኘ ድረስ ይጸናል አለ። ፖሊስ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም። የሰውየው ማወቅ አለማወቅ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ተቃወሙ። ምርጫ እንዳለው የማያውቅ ሰው እንዴት መረጠ ይባላል የሚል ነበር ሐሳባቸው። እኔ ከማርሻል ጋር ነኝ። ሕጉ ግን ከአብላጫው ጋር ነው። እኛም ሕጉ ባለበት ነው የምንኖረው።

ግማሽ ሰዓቱስ? በ2015 የተፈረደ የነብራስካ ጉዳይ አለ። ሰውየው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመንገድ ጠርዝ ላይ በመንዳቱ ቆመ። ፖሊሱ የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን ሰጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ውሻዬን በመኪናህ ዙሪያ ላዙር? አለው። ሰውየው እምቢ አለ። ፖሊሱ ሌላ ፖሊስ እስኪመጣ አቆየው። መዘግየቱ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህም ቢሆን አይቻልም አለ። የትራፊክ ጉዳዩ ካለቀ፣ ሌላ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ከሌለ፣ ሰውን ማቆየት ያለ አግባብ መያዝ ነው። የእርስዎ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ግን ልዩነቱን ይዩ። ያ ሰው እምቢ ብሏል። የእርስዎ «ኖ» ፈቃድ ከሆነ ግማሽ ሰዓቱም በፈቃድዎ የቆሙበት ይሆናል። በ1996 በኦሃዮ ጉዳይ ላይ ፖሊስ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት «አሁን መሄድ ትችላለህ» ብሎ መንገር የለበትም ተብሏል። ስለዚህ ቲኬቱ በእጅዎ ከገባ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ወዳጃዊ ወሬ ይመስላል፤ በሕግ ፊት ግን ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜ «የስ»ንም «ኖ»ንም ይተዉአቸው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይበሉ። «ኦፊሰር፣ አይ ዶንት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች።» ፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። በሰከነ ድምፅ፣ እጅዎ መሪው ላይ ሆኖ። ቀጥለው «አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?» (መሄድ እችላለሁ?) ይበሉ። መኪናው ውስጥ ሲነዱ ብቻዎን ይለማመዱት። ቃሉ አፍ ላይ ካልለመደ ሌሊት ባትሪ ዓይን ላይ ሲበራ አይመጣም። ፖሊሱ እምቢታዎን አልፎ ከከፈተ በእጅዎ አይከልክሉት። ክርክሩ በኋላ ነው። ስልክዎን «ክፈትልኝ» ካለዎት ደግሞ፣ ተይዘው እንኳ ቢሆን በመደበኛው የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ይህ በ2014 በሙሉ ድምፅ የተፈረደ ነው። ይህ ሁሉ የማወራው ግን ስለ አገር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ተመልሰው ደለስ አየር ማረፊያ ሲገቡ ሻንጣዎን ለመፈተሽ ትእዛዝም ጥርጣሬም አያስፈልጋቸውም።

ወደ አለቃዎ ልምጣ። ይሄኛውን «የመናገር ነፃነት» ብለው አይጥሩት። የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚጀምረው ኮንግረስን በመከልከል ነው። የሚያስረው መንግሥትን ነው። ፓርኪንግ ቤቱ መንግሥት አይደለም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትንሽ ያደናግረናል። ለሁሉም «መብት» እንላለን። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል አለው። ሲቪል ሊበርቲ የሚሉት መንግሥት እንዳይነካብዎ የታጠረ ነፃነት ነው፦ መናገር፣ ማምለክ፣ ሳይፈተሹ መሄድ። ሲቪል ራይትስ የሚሉት ከሌላው ሰው እኩል መታየት ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ መንግሥት ሌሎችን፣ ቀጣሪዎን፣ አከራይዎን፣ ሆቴሉን ጭምር እንዲያስገድድልዎ ይፈልጋል።

ይህ ማስገደድ በቀላሉ አልመጣም። ኮንግረስ በ1875 ሆቴሎችና ቲያትር ቤቶች ጥቁሮችን እንዳይከለክሉ ሕግ አውጥቶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1883 ሻረው። አሥራ አራተኛው ማሻሻያ የሚያስረው ክፍለ ግዛቶችን እንጂ የግል ባለቤቶችን አይደለም ብሎ። 81 ዓመት አለፈ። ከብዙ ሰልፍ፣ እስራትና ደም በኋላ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ። አትላንታ ውስጥ 216 ክፍል ያለው አንድ ሞቴል ወዲያው ከሰሰ። ጥቁር እንግዳ አላስተናግድም፣ ንብረቴ ነው አለ። በዚህ ጊዜ መንግሥት በሌላ በር ገባ። ሕገ መንግሥቱ ኮንግረስ በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ እንዲቆጣጠር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከሞቴሉ እንግዶች 75 በመቶው ገደማ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጡ ናቸው። ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሕጉን አጸናው። ለእኩልነት የቆመ ሕግ በንግድ አንቀጽ ላይ መመሥረቱ እንግዳ ይመስላል። የ1883ቱን ግድግዳ ማለፊያ መንገድ ሆኖ የተገኘው እሱ ነበር።

በዚሁ ትግል ማግስት ነው በ1965 የኢሚግሬሽን ሕጉ የተቀየረው። ከዚያ በፊት ቪዛ የሚታደለው በትውልድ አገር ኮታ ነበር። በ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የደረሳት በዓመት 100 ሰው ነው። ዛሬ በአንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ የማየው ሰው ከዚያ ይበልጣል። የጥቁር አሜሪካውያን ትግል የእነሱ ብቻ ታሪክ ነው ለሚሉ ወገኖቼ ይህን ቁጥር ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ።

የ1964ቱ ሕግ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በትውልድ አገር እንዳያበላልጥ ይከለክላል። የሠራተኛውን ቁጥር አልነገሩኝም፤ መጀመሪያ እሱን ያረጋግጡ። አክሰንት በትውልድ አገር ሥር ይታያል። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀላል ክስ አይደለም። ፍራጋንቴ የሚባል ፊሊፒናዊ ሆኖሉሉ ውስጥ ለአንድ የመንግሥት መስኮት ሥራ ተፈተነ። ከ721 ተፈታኞች አንደኛ ወጣ። በአክሰንቱ ምክንያት አልተቀጠረም። በ1989 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተሸነፈ። ሥራው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር መነጋገር ስለሆነ አክሰንቱ ሥራውን በእውነት ያደናቅፋል ተባለ። ከዚያ ፍርድ የሚጠቅመን ግን አለ። አክሰንቱ ሥራውን በእውነት ካላደናቀፈ ሰበብ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከአለቃዎ ጋር የሚከራከሩበት ነጥብ ይህ ነው፦ በካሸር መስኮት ስንት ጊዜ ሠሩ? ደንበኛ አልገባኝም ብሎ አማርሮ ያውቃል? የሥራ ግምገማዎ ምን ይላል? ከዚህ በፊት የነበረው አለቃ ምን ብሎ ጽፎልዎታል?

«ደሞዜ አልተነካም» ማለትዎ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ብዙ ቦታ ክስዎን ውድቅ ያደርግብዎት ነበር። በ2024 ግን ሴይንት ሉዊስ ውስጥ ደሞዟ ሳይነካ ወደ ሌላ ምድብ የተዛወረች ፖሊስ ያቀረበችው ጉዳይ ተፈረደ። ወደ ቤት ይዛ የምትሄደው መኪና ቀርቶባታል፣ ቅዳሜና እሑድም መግባት ጀምራለች። ፍርድ ቤቱ ጉዳቱ ትልቅ መሆኑ አያስፈልግም፣ ጉዳት መኖሩ ይበቃል አለ። ቲፑ መቅረቱ፣ እሑድ መግባትዎ፣ ይኸው ጉዳትዎ። ቅሬታውን ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው የሚያስገቡት። ሜሪላንድ የራሷ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ስላላት ከተዛወሩበት ቀን ጀምሮ 300 ቀን አለዎት። ቅሬታ ስላስገቡ ቢበቀልዎት እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው።

ዜግነት በፍጹም ለውጥ የለውም እያልኩ አይደለም። በፌዴራልና በክፍለ ግዛት ምርጫ ድምፅ መስጠት የዜጋ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ «መራጭ ልመዝግብህ?» ሲባሉ እዚያም «እሺ» አይበሉ፤ ይሄ «እሺ» ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ቀጣሪ «ከኢትዮጵያ ስለመጣህ» ካለ ሰባተኛው ክፍል አለ። «ዜጋ ስላልሆንክ» ካለ ግን በ1973 በተፈረደው መሠረት ያ ክፍል አይሸፍንም። ያን ክፍተት የዘጋው የ1986 ሕግ ደግሞ ለዜግነት ብቁ ሆኖ በስድስት ወር ውስጥ ያላመለከተን ባለ ግሪን ካርድ አያካትትም። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ሆኖዎታል። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹን ይሙሉ።

ትራንኩ ውስጥ አንድ ነገር ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሌላ አደጋ ነበር። ሆዜ ፓዲያ የሚባል የሆንዱራስ ተወላጅ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ ያገለገለ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኬንታኪ ላይ መኪናው ውስጥ ማሪዋና ተገኘ። ጠበቃው «ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አታስብ» አለው። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ፈረመ። ያ ፊርማ ከአገር የሚያስወጣ ነበር። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ይህን አደጋ የመንገር ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት አለ። ስለዚህ መንግሥት የሚያቆምልዎትን ጠበቃ ሲያገኙ የመጀመሪያ ቃልዎ «ግሪን ካርድ ነው ያለኝ» ይሁን። እስራት በሚያስከትል የወንጀል ክስ አቅም ከሌለዎት ጠበቃ ይቆምልዎታል፤ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ግን በራስዎ ገንዘብ ነው።

ፖሊሱን መክሰስ? ከ1871 ጀምሮ ያለ ሕግ መብቱን የጣሰበትን ባለሥልጣን ሰው በፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲከስ ይፈቅዳል። በእርስዎ ጉዳይ ምንም አልተገኘም፣ አልታሰሩም፣ «ኖ»ዎም አሻሚ ነው። ካሳ ያስገኛል ብዬ አላታልልዎትም። ዛሬ ማድረግ የሚችሉት አንድ ነገር ግን አለ። የቲኬቱን ቁጥርና ቀኑን ጽፈው ለፖሊስ መምሪያው የቦዲ ካሜራውን (ፖሊሱ ልብሱ ላይ የሚያደርገውን) ቪዲዮ ይጠይቁ። በጽሑፍ ይሁን፣ ኮፒውንም ያስቀሩ። ቪዲዮ ለዘላለም አይቀመጥም። እጅዎን አወዛውዘው እንደሆነ፣ ከ«ኖ» በኋላ «ፕሊዝ ዶንት» (እባክህ ተው) ብለው እንደሆነ፣ እሱስ ሰምቶ ምን እንደመለሰ እዚያ ላይ ይታያል። ቪዲዮው ሲደርስዎት ጠበቃ ዘንድ ይዘውት ይሂዱ።